ቡራን ሲነሳ የምትተኛዋ ኩልያሽ

ኩልያሽ የባሌ የታላቅ ወንድም ሚስት ናት። እኔ ሙሽራ ሆኜ እዚያ ቤት ስገባ እሷ የቤቱ ትልቅ ሴት ነበረች፤ እስከ ዛሬም "እትዬ" ነው የምላት። ባሏን ግን አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ እኛ ዘንድ ሙሽራ የባሏን ታላቅ በስሙ አትጠራም። አሁን አፈር ከለበሰ ቆይቷልና ቶለባይ ብዬ ብጠራው የሚቀየመኝ አይመስለኝም።

ቶለባይ የኅብረት እርሻው ፈረስ ጠባቂ ነበር። የበረዶውን ወራት የምናሳልፍበት ቤት ከመንደሩ ርቆ፣ ዓይን ማረፊያ በሌለው ሜዳ መሀል ነው። ቶለባይና ባሌ አማንታይ፣ ኩልያሽና እኔ፣ ውሾቹና ፈረሶቹ፣ ሌላ ማንም የለም። ጎረቤት ከተባለ ጎረቤታችን አጥሩ ነበር።

አጥሩ የሽቦ ነው። በሩቅ ላየው ሰው ውስጡ ባዶ ነው፤ ሣር፣ አንድ ምሰሶ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ያለ የብረትና የሲሚንቶ ክዳን፣ በቃ። ከክዳኑ ሥር ምን እንዳለ የነገረን የለም፤ የጠየቀም የለም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ውቅያኖስ ተሻግሮ ከተማ የሚያጠፋ ሮኬት ጉድጓዱ ውስጥ ቆሟል። ነፋስ በሌለበት ቀን መሬቱ ላይ ጆሮን ጣል ቢያደርጉ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርም ይሰማል። ጥግ ላይ ካለው ቱቦ ሞቅ ያለ አየር ይወጣል፤ ዙሪያው በብርዱ ወር እንኳ ሣሩ አረንጓዴ ነው። ውሾቻችን ሲተኙ ፊታቸውን ወደዚያ ያዞራሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውት ሲተኙ አይቼ አላውቅም።

እኛ አገር ሰው የሚፈራው ቡራንን ነው። ቡራን ሜዳውንና ሰማዩን አንድ የሚያደርግ የበረዶ አውሎ ነፋስ ነው። ከቤት ደጃፍ እስከ ጋጣው ድረስ ገመድ እንዘረጋለን፤ ገመዱን የለቀቀ ሰው በረዶው ሲቀልጥ ነው የሚገኘው። ኩልያሽ ግን ነፋሱ ማፏጨት ሲጀምር ፊቷ ይፈካል። ሊጥ ታቦካለች፤ ድቡልቡል አድርጋ በስብ ትጠብሳለች፤ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ከዚያ በእኩለ ቀን፣ ያ ሁሉ ጩኸት ጣሪያውን እየደበደበ፣ ጋደም ብላ እንደ ሕፃን ትተኛለች። ሰማይ በጠራ ቀን ግን ስትተኛ አታገኟትም። ዓይኗ ፈጦ፣ ወደ አጥሩ።

"እትዬ፣ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ አንቺ ትዘፍኛለሽ። ጤናሽን ነው?" አልኳት አንድ ጊዜ።

"ዛሬ ምንም አይመጣም፣ ዳሜሽ።"

"ምን ነበር የሚመጣው?"

ያኔ ነው የነገረችኝ። ያደገችው በሰሜይ ከተማ በኩል፣ ቦምብ ከሚሞከርበት ሜዳ አጠገብ ነው። "ወታደሮች በመኪና ይመጡና ሁላችንንም ከቤት አስወጥተው ቦይ ውስጥ ያስተኙናል" አለች። "ከዚያ ሁለተኛ ፀሐይ ይወጣል። መስኮቱ ይረግፋል። ታናሽ እህቴ ደሟ በአፍንጫዋ እየፈሰሰ ነው ያለቀችው። እኔ ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። መኮንኑ መጀመሪያ ሰማዩን ያያል። ነፋሱ ካላማረው 'ተነሱ፣ ወደ ቤታችሁ' ይለናል። ነፋሱን ሳያስፈቅዱ አያደርጉትም።"

ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ወታደሮች ስንቅ ኃላፊ ማትቬይችም ይህንኑ እምነቷን አጸናላት። ወፍራም፣ ቀልደኛ ሰው ነው፤ የፈረስ ሥጋ ቋሊማ ከኛ ሊገዛ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ነፋስ ይዞት ከቤታችን መውጣት አቅቶት "በዚህ አየር ቁራም አይበር" አለ። እሱ ስለ መኪናው መናገሩ ነበር። እሷ ግን ስለ ሮኬቱ አድርጋ ሰማችው።

ያ የምነግራችሁ ቡራን የመጣው በመጋቢት ነው። ጠዋት ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር፤ ቶለባይ ፈረሶቹን ይዞ ወጣ። ቀትር ሳይሆን ዓለም ነጭ ሆነች። አማንታይ ወገቡን በገመድ ታስሮ ወጣና ጮኸ፣ ጮኸ፣ የራሱን ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ተመለሰ።

"ፈረሶቹ ያውቃሉ። እነሱን ከያዘ አይጠፋም" አለች ኩልያሽ። ሊጡን ግን አላቦካችም።

በማግስቱ ነፋሱ ሲረግብ ቶለባይ በአንዲት ባዝራ አንገት ላይ ተጣብቆ መጣ። ከአንገቷ ላይ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀን አወረድነው። ኩልያሽ የበግ ላት ልታቀልጥ ወደ ምድጃው ስትሮጥ እኔ እግሩን ለብ ባለ ውሃ መንከር ጀመርኩ። ድንገት እጄን ያዘኝ። ያ ሰው እንኳን እጄን ሊይዝ ዓይኔን አይቶ አያውቅም።

"ተከፈተ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑ?"

"ፈረሶቹ ሙቀቱን ሽተው ሄዱ። አጥሩን በረዶ ውጦታል፤ በላዩ ተራምደን ገባን። ቱቦው ዙሪያ ተጠጋግተን ቆምን። ከዚያ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ፈረሶቹ ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ፤ አንዱም አላሽካካም። ፊት ለፊቴ ያለው የበረዶ ክምር ብድግ አለ፣ ዳሜሽ። ክዳኑ ነው። ያን ሁሉ በረዶ እንደ ላባ አራግፎ ወደ ጎን ሄደ። ከታች ብርሃን ወጣ። በረዶው በብርሃኑ ውስጥ እየተሽከረከረ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ቁልቁል አየሁት። ቆሟል።"

"ሰው አልነበረም?"

"ሰው የለም። እኔና ፈረሶቹ ብቻ። ወጥቶ እስኪሄድ ጠበቅን። ወዴት እንሄዳለን? ጠበቅን። ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ።"

ኩልያሽ ላቱን ይዛ መጣች። እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ ነው። "አንተ ሰውዬ፣ ገደልከኝ እኮ! እኔ እንኳ ቡራኑን እግዜር ይስጠው ብዬ ነበር፤ በዚህ ማዕበል መቼም ያ ነገር አይነሳም አይደል?"

ቶለባይ ዓይኔን አየኝ።

"አይነሳም" አላት። "ምን ይነሳል በዚህ?"

ሁለት የእግሩ ጣቶች ተቆረጡ። ዳነ፤ እንደ በፊቱ ግን አልሆነም። ቀጥሎ በመጣው ቡራን ኩልያሽ ጠብሳ፣ አንጎራጉራ፣ ተኛች። እሱ ከራስጌዋ ወንበር ስቦ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀመጠ። መስኮቱ ላይ ከነጭ በቀር ምንም የለም። በእኔና በእሱ መካከል ያቺ የምትተኛ ሴት አለች፤ ሁለታችንም እያወቅን ትንፋሿን እናዳምጣለን። ከነፋሱ ይልቅ የሷ ሰላማዊ ትንፋሽ ነበር የሚያስፈራኝ።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ማትቬይች መጣ። ወተት ያለው ሻይ ቀዳንለት። ጢሙን ጠርጎ በቶለባይ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

"አንተ! በመንግሥት ምስጢር ላይ ፋንድያ የጣለው የማን ፈረስ ነው? ቅጥሩ ውስጥ ክምር አገኘን። አዛዡ የጠላት ሰላይ ፈረስ ነው ብሎ ሊከሰኝ ነበር!"

አማንታይ ሳቀ። ቶለባይ አልሳቀም። ኩልያሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። የባሏን ፊት አየች፤ ከዚያ የኔን። ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ሁሉንም ያወቀች ይመስለኛል። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ከማትቬይች ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ማትቬይች፣ ቤቴ ብዙ ጊዜ በልተሃል። እውነቱን ንገረኝ። በቡራን ይነሳል?"

"አፓ፣ ይሄ እኮ የሚወራ ነገር አይደለም" አላት፤ እንደኛ ሰው ትልቅ ሴትን "አፓ" ማለት ለምዷል።

"ስለ ፋንድያ ያወራኸውስ?"

አንገቱን አከከ። "ነፋስ ምን ያደርገዋል? ከወጣ ወጣ ነው።"

"በረዶውስ?"

"ክዳኑ ይጠርገዋል። ያን ቀንም እኮ ለዚሁ ነበር…" ብሎ ምላሱን ነከሰ።

"ለምኑ?"

"በቡራን ይከፈት እንደሆን ለማየት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከባዱ ቡራን እስኪመጣ ወሩን ሙሉ ስንጠብቅ ነበር።"

እሷ ቡራንን ስትጠብቅ፣ እነሱም ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ያንኑ ቡራን ሲጠብቁ ኖረዋል።

"ስለዚህ አየሩ ምንም አያደርገውም" አለች።

ማትቬይች ሊያጽናናት ፈለገ፤ ደግ ሰው ነው። "ጨርሶ ምንም አያደርገውም እንኳ አይባልም። እዚያ ማዶ ሲወርድ ማዕበል ካጋጠመው ዒላማውን ትንሽ ሊስት ይችላል ይላሉ።"

"ሲስት የት ይወድቃል?"

"እንግዲህ… ያሰቡት መንደር ላይ ሳይሆን አጠገቡ ያለው…" አለና እጁ ላይ ያለውን ዳቦ አየ። መልሶ አስቀመጠው።

"ማዕበል ማለት እዚያ ማዶ ላሉት የጎረቤታቸውን ሞት መቀበል ነው በለኛ" አለች ኩልያሽ።

ሰውየው ቋሊማውን ሳይወስድ ሄደ። እኔ ለቅሶ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወደ ቶለባይ ዞራ "ለምን ዋሸኸኝ?" አለችው።

"እንድትተኚ።"

"እኔስ ተኛሁ። አንተ እኮ አልተኛህም።"

ከዚያ በኋላ በቡራን ቀን ተኝታ አላየኋትም። በሁለት ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ሻይ ትቀዳና ከባሏ ጎን ትቀመጣለች። ያ አፉን ለመብል ብቻ የሚከፍት ሰው ማውራት ጀመረ። ስለ እናቱ፣ በልጅነቱ ስለሞተበት ግልገል ፈረስ፣ ሊያገባት ስለነበረች ሌላ ልጅ ሳይቀር። "አስቀያሚ ነበረች በለኝ!" ስትል ከመጋረጃው ወዲያ እሰማለሁ፤ "በጣም!" ይላታል፤ ይሳሳቃሉ። አንዳንዴ ግን መሬቱ ከአጥሩ በኩል ይንቀጠቀጣል፤ ሻዩ በሳህኑ ውስጥ ቀለበት እየሠራ ይርገበገባል። ያኔ ወሬያቸውን አቋርጠው ሻዩ ረግቶ እስኪቆም ያዩታል። ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ከሩሲያ ጋር አንድ የነበርንበት አገር ሲፈርስ ሮኬቱን ሊወስዱት መጡ። ቶለባይ ከዚያ በፊት በነበረው መኸር አርፎ ነበር። ሸራ የለበሱ ረጃጅም መኪናዎች በጭቃው ላይ ሲያልፉ እኔና እሷ ደጃፍ ቆመን አየን። ማትቬይችም አርጅቶ፣ ወደ አገሩ ሳይመለስ፣ ከእኛ ጋር ቆሟል።

"ወዴት ነው?" አለችው።

"ወደ ሩሲያ ነው የሚሉት፣ አፓ።"

"እዚያስ ጎረቤቱ ማነው?"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ነፋስ አያስቆመውም ብሎ የሚነግራቸው ሰው ይኖር ይሆን?" አለች። ማትቬይች ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ።

አሁን ሁለታችንም ባል የሞተብን አሮጊቶች፣ መንደር ውስጥ አንድ ቤት እንኖራለን። ኩልያሽ ማታ እንደ ማንኛውም ሰው ትተኛለች። ቡራን ሲነሳ ግን ትነሳና ሻይ አፍልታ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። "ዳሜሽ፣ ነይ አውሪኝ" ትለኛለች። እኔ እንደ ቶለባይ ወግ አላውቅም። የማን ልጅ እንደተዳረች፣ ዱቄት ስንት እንደገባ፣ የጎረቤት ውሻ ማንን እንደነከሰ እነግራታለሁ። እሷ ዓይኗን ከሻዩ ላይ ሳትነቅል "እሺ፣ ከዚያስ?" ትለኛለች።