ቅጠል ይዘው የመጡት

ኮረብታው ስም አልነበረውም። እኛ «ጉብታው» እንለው ነበር። ጊዜው የጠላት ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ የደረሰበት ነው። ትእዛዙም አጭር ነበር፦ ውጡ፣ ምሽግ ቆፍሩ፣ በሸለቆው ማንም እንዳያልፍ። ወጣን፤ ቆፈርን። ድንጋዩ ለዶማ እሺ ስላላለ እስከ ጉልበት የቆፈርነውን ምሽግ ነው ብለን ተቀበልነው። ዛሬም ነጋዴ ጎደሎ ዕቃ አምጥቶ ሙሉ ነው ሲለኝ ያ ምሽግ ትዝ ይለኛል።

እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። አባቴ ለባቡር ሥራ ከደጋ የወረደ ነው፤ እናቴ የቢዮ አዋሌ ኦሮሞ ናት። ትምህርቴን የጨረስኩት ገበያ ላይ ነው። ጓዶቼ ስሜን ትተው «ድሬ» ይሉኝ ነበር። ዓይኔ ሩቅ ያያል ብለው የጦር መነጽር ሰጥተው ጠባቂ አደረጉኝ።

ከጎኔ የተመደበው ታደሰ የታሪክ መምህር ነበር። ጠመንጃውን እንደ ጠመኔ በሁለት ጣት የሚይዝ ሰው። ሙቀቱ ሲበረታና ተኩስ ሲታገስ ስለ ጥንት ግሪኮች ያወራናል።

«መምህር፣ ግሪክ እኔም አውቃለሁ» አልኩት አንድ ቀን። «ከዚራ ሰፈር ሱቅ ነበረው። ወይራ በበርሜል ይሸጣል፣ ዱቤ አይሰጥም።»

«የእኔዎቹ ከእሱ ይቀድማሉ» አለ እየሳቀ። «በዱቤው በኩል ማስረጃ የለኝም።»

ከዚያ ስለ ፕላታያ ነገረን። ትንሽ ከተማ ነበረች። ጠላት ከቦ ያዛት፣ አፈረሳት። ያመለጡት አቴንስ ገቡ። አቴንስም እንደ ልጆቿ ቆጠረቻቸው። ቢሆንም የየት ነህ ሲባሉ መልሳቸው ፕላታያ ነው። በየወሩ አንድ ቀን አይብ ተራ ይሰበሰቡና ይጠያየቃሉ፤ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ የእገሌ ልጅ የት ደረሰ።

መቶ አለቃችን ጀርባውን ለድንጋይ ሰጥቶ ሲሰማ ነበር። «አገሩ ጠፍቶበት አይብ ይገዛል?» አለ።

«አይቡ ሰበብ ነው መቶ አለቃ።»

ታደሰ ቀጠለ። በዚያ ዘመን ቤቱ የፈረሰበት ሰው ጥገኝነት ሲለምን የወይራ ዝንጣፊ በእጁ ይዞ ይመጣል። ዝንጣፊ የያዘን ሰው መንካት ነውር ነው፤ አምላካቸው ይቆጣል።

«አቦ፣ ይሄማ የእናቴ አገር ወግ ነው» አልኩ። «ምሕረት የሚለምን ሰው እርጥብ ሣር፣ እርጥብ ቅጠል ይዞ ይመጣል።»

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ። ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ነገሩን ያዙልኝ።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ የታችኛውን ጋራ የያዝነው ቅጠል ተከናንበን፣ በደረታችን እየተሳብን ነበር። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሠርቶልናል። ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ግን የሌላውን ሚዛን አያምንም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ሸለቆው ውስጥ ነገር ተንቀሳቀሰ። መነጽሩን አነሳሁ። ፀሐይ ከፊት ለፊት ነበረች። ከሰው ይልቅ ቅጠል ይታያል።

«ምን አየህ ድሬ?» አለ መቶ አለቃ።

«ቅጠል ተከናንበው እየመጡ ነው።»

«አረጋግጥ።»

«የእኛው ዘዴ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

መትረየሱ ጀመረ። ተከተልን። ከታች አቧራ ተነሣ። ቅጠሉ ወደቀ። መልስ የሚተኩስ አልነበረም፤ ይህ ሊነግረን ይገባ ነበር። ታደሰ መነጽሩን ከእጄ ነጠቀ።

«ይዘውት ነው እንጂ አልተከናነቡትም» አለ። «ድሬ፣ በእጃቸው እኮ ነው።»

ገባኝ። ያን ጊዜ መጮህ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ያየሁት እኔ፣ ወጉን የማውቅ እኔ። ታደሰ ከምሽጉ ዘሎ ወጣ። «ተኩስ አቁሙ!» እያለ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቁልቁል ሮጠ። መትረየሱ ዝም ሲል እሱ ወድቆ ነበር። ጥይቱ የማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከሸለቆው አንድም አልተተኮሰም።

ወረድን። መንደራቸው ተቃጥሎባቸው ድሬ ለመግባት የመጡ ሰዎች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ የወደቀች ሴት ራስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኦሮምኛ የሚችል እኔ ስለነበርኩ ወደሳቸው ተላክሁ።

«ሣሩን አሳየናችሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም። «አላያችሁትም ወይ፣ ልጄ?»

«አላየነውም፣ አባባ።»

የየት እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። የመንደራቸውን ስም ነገሩኝ። አመድ ሆኗል፤ እሳቸው ግን ትናንት እንደተነሱበት፣ ነገ እንደሚገቡበት አድርገው ነበር የጠሩት።

ቀበርናቸው። ከእኛ አንድ፦ መምህር ታደሰ። ከእነሱ ሰባት፣ ያቺ ሴት ጭምር፤ የሽማግሌው ልጅ ናት። የተረፉትን መቶ አለቃ ራሱ እየመራ ወደ ከተማው መንገድ አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ድረስ ምን አየህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ መነጽሩን ለሌላ ሰጠው።

ዛሬ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ አለኝ። ጫማና ልብስ እሸጣለሁ። ሰው ደግሞ ዛሬም ይፈናቀላል። ወር በገባ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከየአቅጣጫው ተፈናቅለው ድሬ የገቡ ሰዎች በረንዳዬ ላይ ይሰበሰባሉ። አግዳሚ ወንበር አውጥቼ፣ ውሃ አስቀምጬ እተዋቸዋለሁ። ይጠያየቃሉ፤ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ።

«ሐጂ፣ ደንበኛ መግቢያ አጣ እኮ» ይለኛል ጎረቤቴ። «አንድ ካልሲ እንኳ አይገዙህም።»

«ካልሲው ሰበብ ነው» እለዋለሁ። አይገባውም፤ እኔም አላስረዳውም።

ሰፈሩ በዚህ ደግ ሰው ይለኛል። ነጋዴ ያልሠራበትን ትርፍ ሲሰጡት ዝም ብሎ ይወስዳል፤ እኔም እንደዚያው። እውነቱ ግን ባንኮኒዬ ኋላ ተቀምጬ የማደርገው አንድ ነገር ነው፦ አዳምጣለሁ። አንዱ ሌላውን የየት ነህ ሲለው መልሱን እጠብቃለሁ። ሽማግሌው የነገሩኝን የመንደር ስም ማለቴ ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ቀድሞ ሊጠራው የሚገባው የእነሱ ሰው ነው።

እስካሁን የጠራው የለም። ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ የሽማግሌው የልጅ ልጅ እንኳ አንድ ቅዳሜ ብቅ ቢል፣ አይተነው ነበር እለዋለሁ። ሣሩን አይተነው ነበር።