ስልሳ የአሳ ሆድ በሎሚ

አይ፣ መጀመሪያ ሳቁን አቁሙት! ሎሚ በተቆረጠ ቁጥር ዩኒቨርሲቲ ትዝ ይለኛል ብል ምን ያስቃል? «አንተ ከስድስተኛ ክፍል የወጣህ ሰውዬ፣ የምን ዩኒቨርሲቲ?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ አልተማርኩም። ግን አንድ የባህር ሳይንስ መመረቂያ ጥናት ላይ እጄ አለበት። እጄ ብቻ አይደለም፣ ቢላዬም አለበት። ያውም ጥናቱን ገደል ልከተው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስሙኝ።

ያኔ አየር ጤና፣ ታክሲ ተራው ጀርባ፣ አሳ ቤት እሠራ ነበር። ከኮልፌ እስከ ሳንሱሲ እንደኔ አሳ የሚገፍ አልነበረም። ቢላዋው ሁለቴ ሽው ካለ አለቀ፤ አሳው ራሱ መገፈፉን የሚያውቀው መጥበሻው ላይ ነው። ጠዋት ከዝዋይ የመጣው ቆሮሶ አሳ ከነበረዶው ሲዘረገፍ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ ቅርፊቱ ላይ ታርፍና ግድግዳው ሁሉ ያብለጨልጭ ነበር። ሽታውን ግን አታንሱት። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ሁሌ ባዶ ነበር። እኔ ደግሞ ተከብሬ ነው እል ነበር።

አንድ ቀን የልብስ ሰፊዋ ልጅ መጣች። የሰፈሬ ልጅ ናት፣ አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን። እኔ ስቀር እሷ ቀጥላ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ከስንቱ ትምህርት መርጣ የባህር ሳይንስ። ሰፈሩ ያልቀለደው ቀልድ የለም። «ባህር በሌለበት አገር የባህር ትምህርት! ተመርቃ ባኞ ልትጠብቅ ነው?» ያልኩት እንኳን እኔ ነኝ። እሷ ግን አትናደድም ነበር። «ሀይቅ የለንም እንዴ? ውሃ መመርመር አለ፣ አሳ ማርባት አለ፣ ማስተማር አለ። ከሆነልኝ ደግሞ መርከብ ላይ ወጥቼ እዛው ባህሩ ላይ ነው የማጠናው» ትል ነበር።

«ስማ» አለችኝ፣ «የምትጥሉትን የአሳ ሆድ እፈልገዋለሁ። ጨጓራውን ብቻ፣ ስልሳ ያህል። የመመረቂያ ጥናቴ ነው። በየፌስታሉ ቁጥር እየጻፍክ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥልኝ፣ አርብ መጥቼ እወስዳለሁ።»

«ለምንሽ ነው?» ስላት ታክሲዋ ሞላና «አርብ እነግርሃለሁ!» ብላ ሮጠች።

የቤቱ ባለቤት ሀጂ ሰምተው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ሆድ እቃ ለድመት እንጂ ለዩኒቨርሲቲ ይሰጣል?»

«ሀጂ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይዩኝ» አልኳቸው።

እኔ ደግሞ ሰው ካመነኝ ልክ የለኝም። እናቶቻችን ጨጓራ እንዴት እንደሚያጥቡ ታውቁ የለ? ቀደድኩት፣ ገለበጥኩት፣ ውስጡ ያለውን አረንጓዴ ነገር በቧንቧ ውሃ ጠራረግኩት፣ በጨው አሸሁት፣ በሎሚ አለቀለቅኩት። ስልሳውንም! ጣቶቼ በሎሚ ተቃጠሉ። ሀጂ እንኳን አይተው «ይሄማ ለሰርግም ይሆናል» አሉ።

አርብ መጣች። የመጀመሪያውን ፌስታል ከፈተች። ሁለተኛውን። አምስተኛው ላይ ዱካ ስባ ቁጭ አለች። እኔ ምስጋናዬን እየጠበቅኩ ነው።

«አጠብከው?»

«በሎሚ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«እኔ የምፈልገው ውስጡ ያለውን ነበር» አለች በቀስታ። «ጥናቱ እኮ አሳዎቹ ምን እንደሚበሉ ነው።»

ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ሰድባኝ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር። እሷ እንባዋን ዋጥ አድርጋ እጅጌዋን ሰበሰበችና «የሚቀጥለው አሳ መቼ ነው የሚገባው?» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪናው በገባ ቁጥር እኔ ስከፍት፣ እሷ አጠገቤ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ በወረንጦ ስትለቅም ነበር። የለቀመችውን አልኮል ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ትከተዋለች። «ይሄ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ቅጠል ነው፣ ይሄ የትንኝ እጭ ነው» እያለች ታሳየኛለች። አንዱ ሆድ ውስጥ ሰማያዊ የፌስታል ቁራጭ ስታገኝ አፏን ያዘች።

«አንቺ፣ ቆሼ አጠገብ አድገሽ ፌስታል ያስደነግጥሻል?»

«እዛማ የተጣለ ነው። ይሄኛው ግን ምግብ መስሎት በልቶታል» አለች።

ያን ቀን ሙድ አልያዝኩም። እስከዛ የከፈትኩትን አሳ ሁሉ ውስጡን ሳላይ መጣሌ ቆጨኝ።

ለቀማው ጊዜ ስለሚወስድ ስልሳ አልሞላልንም፣ አርባ ላይ ቀኑ ደረሰ። ጥናቷን የምታቀርብ ቀን «ና፣ አንተም ሠርተሃል» አለችኝ። ሀጂ ኮታቸውን አዋሱኝ። ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ ሄድኩና አዳራሹ መጨረሻ ተቀመጥኩ። እናቷ የፊት ወንበር ላይ ነበሩ።

አንዱ ሽበታም መምህር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ስልሳ ብለሽ ነበር፣ እዚህ ያለው አርባ ነው። ምን ሆነ?» አሏት።

እኔ ላብ በላብ። እሷ «ስህተቱ የኔ ነው። ለሚሰበስብልኝ ሰው ምን እንደምፈልግ በደንብ አላስረዳሁትም» አለች። ዞራም አላየችኝ። መምህሩ ብዕራቸውን አነሱ።

እዛ ጋ ነው የተነሳሁት። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። «ለምን አጠብከው?» አሉኝ መምህሩ።

«ቆሻሻ ለሰው አይሰጥማ ጋሼ! ያውም ለእሷ!»

ሰዉ ሳቀ። ሽበታሙ ግን አልሳቁም፤ ብዕራቸውን አስቀመጡና «ከዛስ?» አሉኝ። መኪናውን፣ ወረንጦውን፣ ፌስታሉን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳልጨምር። እኔ! ሳልጨምር!

አለፈች። ስንወጣ «አንተ እብድ» ብላ የሀጂን ኮት እጅጌ ይዛ ብዙ ቆየች።

አሁን መርከብ ላይ ናት፣ የሰው አገር ባህር ላይ። የማዕበሉን ድምፅ በስልክ ቀድታ ትልክልኛለች። እኔ ባህር አይቼ አላውቅም፤ ሲመጣ ግን ቢላዬን አስቀምጬ እስኪያልቅ እሰማዋለሁ። በፊት በየሳምንቱ ነበር፣ አሁን በየበዓሉ ሆኗል። ይሁን፣ ተመስገን ነው። የኔን ጥፋት በሰው ፊት የራሷ ያደረገች እሷ ብቻ ናት።

አሁንም አታምኑኝም? ሂዱና ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረ ማንንም ጠይቁ! እናቷን ጠይቁ፣ ሽበታሙን መምህር ጠይቁ። «ያ አሳ ገፋፊ ነው? እያለቀሰ የተናገረው?» ካሏችሁ ግን እንዳታምኑ። ስለ እንባው እሷን ብቻ ጠይቁ፤ እሷ ደግሞ አትነግራችሁም።