ግራና ላይ የጠፋው ድምፅ

ማለዳ 12፡00፣ ወልድያ

ሰማዩ ገና እየነጣ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ሦስታችን ተገናኘን፤ ሶፍትዌር የማስተምረው እኔ፣ የምርምር አጋራችን የሆነችው ህንዳዊቷ መምህርት ፕሪያ፣ ተመራቂ ተማሪዬ ዘይነባ። ዘይነባ የሠራችው የስልክ ፕሮግራም ገበሬው ስለ ሰብሉ በሽታ በድምፁ ጠይቆ ያለ ኔትወርክም መልስ የሚያገኝበት ነው። የወሎን አነጋገር እንዲለምድ የገበሬዎች ድምፅ ይቀዳል፤ ቅጂው ህንድ ወዳለው የፕሪያ ኮምፒውተር ይላካል።

2፡30፣ መርሳ

ማንጎ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል። ወደ ግራና የሚወስደን ሚኒባስ ሹፌር «እንግዳዋ ማንጎአችንን ቀመሰች?» አለኝ።

ለፕሪያ በእንግሊዝኛ፣ ለሹፌሩ በአማርኛ የምታስተረጉመው ዘይነባ ናት። «የእኛም አገር ማንጎ ጥሩ ነው፤ ይሄኛው ግን ይበልጣል። እናቴ እንዳትሰማ!» አለች ፕሪያ። ሹፌሩ እየሳቀ ሞተሩን አስነሳ።

4፡00፣ ግራና

ሐጂ ሙሔ ማሽላቸው ዳር፣ ጥላ ሥር ጠበቁን። ዘይነባን ከልጅነቷ ያውቋታል። ስልኩን ይዘው ስለ ማሽላቸው ብዙ ተናገሩ፤ ስልኩም መለሰላቸው። ደስ አላቸው። ስልኩን ለዘይነባ እያቀበሏት፣

«ልጄ፣ ይሄ ያልሁት ሁሉ የት ይሄዳል?» አሉ።

«ህንድ ነው ሐጂ። እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ይሰሙታል።»

«የጎረቤቴን ስም አንስቻለሁ እኮ! በሽታው ከእሱ ማሳ መጣ ብያለሁ። እሱን ሳላስፈቅድ እንዴት ይሆናል? አጥፊልኝ።»

ዘይነባ ስልኩን ነካካችው። ለካ ማጥፊያ አልሠራንለትም! ቅጂው ኔትወርክ እንዳገኘ በራሱ ይሄዳል፤ ደግነቱ እዚያ ኔትወርክ አልነበረም። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ስልኩን አገናኝታ ፈለገች። በመጨረሻ አገኘችውና አጠፋችው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «የሌሎቹስ?»

ቀደም ሲል የቀዳነው የሌሎቹ ገበሬዎች ድምፅ ህንድ ደርሷል። የስምምነቱን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ። «መረጃዎ ለምርምር ዓላማ ይውላል» ይላል፤ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚሰማው አይልም። ገበሬዎቹን ያስፈረምኋቸውም እኔው ነኝ። አፈርሁ።

8፡00፣ መርሳ

ኔትወርክ እንዳገኘን ፕሪያ ህንድ ደወለች። የተላኩትን ድምፆች ማንም እንዳይነካቸው አዘዘች። እያንዳንዱ ገበሬ እንደገና ይጠየቃል፤ እምቢ ያለው ሰው ድምፅ ይጠፋል።

«መመረቄ ሊቀር ነው?» አለችኝ ዘይነባ።

«የምርምሩ ሪፖርት ይዘገያል እንጂ መመረቅሽ አይቀርም። አንቺ ማጥፊያውን ሥሪ፤ እኔ ወረቀቱን ሰው በሚገባው አማርኛ እጽፋለሁ።»

10፡00፣ ወልድያ

መናኸሪያው በር ላይ ልንለያይ ስንል ፕሪያ የዘይነባን እጅ ያዘች።

«የሚቀጥለው ሳምንት የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜዬን ላንቺ ሰጥቻለሁ። ዛሬ የሆነውን ለተማሪዎቼ በኢንተርኔት ታስተምሪያቸዋለሽ።»

«እኔ? እንግሊዝኛዬ የት ይደርሳል ብለሽ ነው!»

ፕሪያ ሳቀች። «ታዲያ ዛሬ ቀኑን ሙሉ በማን አፍ ስናገር ዋልሁ?»