በብልቃጥ የተያዘ ቂም

አክስቴ ፍራሽ ሰፊ ናት። ጥጥ ትነድፋለች፣ ጨርቅ ትቆርጣለች፣ ስንዝር በሚያህል መርፌ ትጠቀጥቃለች። ትራስ ስፊልኝ ያላትን ታባርራለች፤ ትራስ ለእሷ የልጅ ጨዋታ ነው። ሰፈሩ በሌለችበት «ወስፌ» ይላታል፣ ስለ መርፌዋ ሳይሆን ስለ ምላሷ።

እናቴ የእሷ ታናሽ ነበረች። እኔና እናቴ የተከራየነው ክፍል ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ስንጥቁ ውስጥ ትኋን ይርመሰመሳል። እናቴ አከራያችንን ሦስት ጊዜ ለመነችው።

«ግድግዳውን ያስለስኑልን፣ አለቅን እኮ!»

«ትኋን የሚጠፋው በንጽሕና ነው» አላት፣ ሰው ፊት። አንሶላ በሳምንት ሁለቴ የምታጥበውን ሴት! ከዚያ በኋላ አፏን ዘግታ ማከክ ብቻ ሆነ ሥራዋ። ቅልጥሟ ላይ ቆሰለች፣ ቁስሉ መግል ያዘ፣ እግሯ አበጠ። ሐኪም ቤት ባክቴሪያው ደሟ ውስጥ ገብቷል አሉን። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርናት።

አክስቴ ቀብር ላይ አላለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን መርፌዋን ይዛ መጣችና ከስንጥቁ ትኋን እየለቀመች የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ማጠራቀም ጀመረች።

«ምን ሊያደርጉልሽ ነው?» አልኳት።

«ምስክሮቼ ናቸው።»

ጤና ጣቢያ የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደንበኛዋ ነበር። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እህቴን የገደሉት እነዚህ ናቸው ብለህ ጻፍልኝ» አለችው። ጥቂቶቹን ወስዶ መረመረ። ውጤቱን ልንሰማ ስንመለስ እየተጨነቀ ነበር የሚናገረው።

«እትዬ፣ ባክቴሪያ አግኝቼባቸዋለሁ፣ በሽታ የሚያመጣ ዓይነት። ግን መያዝ ሌላ፣ ሰው ላይ ማስተላለፍ ሌላ ነው። ሊሆን ይችላል፤ አልተረጋገጠም። ስታክከው ከጥፍሯ፣ ከገዛ ቆዳዋም ሊገባ ይችላል።»

«ታዲያ ማን ይጠየቅልኝ? ጥፍሯ?» ብላ የተረፉትን ከነብልቃጡ አንስታ ወጣች። እኔም ያን ቀን ሰውየውን ጠላሁት። ያላየውን አልጽፍም ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ወር ሳይሞላ አከራዩ አክስቴ ሱቅ ድረስ መጣ። ዓይኑን በጨው ያጠበ! «ሐዘኑ ሐዘን ነው፣ ሥራው ደግሞ ሥራ ነው። አንድ ጥሩ ፍራሽ ስፊልኝ» አላት።

አክስቴ ፈገግ አለች። «እሰፋልዎታለሁ፣ ጋሼ።»

በእነሱ ሙያ የፍራሹ አንድ ጫፍ ደንበኛው ቤት እስኪደርስ አይሰፋም። አሮጌ ጥጥ አለመቀላቀሉን ደንበኛው ራሱ እጁን አስገብቶ ያያል፤ ጫፉ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ፣ እሱ ፊት ነው። ፍራሹን ተሸክመን ግቢው ስንደርስ አከራዩ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ በረበረ፣ ትንሽ ዘግኖ አሸተተ። «ንጹሕ ነው» አለና ኮቱን ሊሰቅል ዞር አለ። ብልቃጡ እዚያው ጥጡ ውስጥ ተገለበጠ። ሲመለስ አክስቴ ቆማ እየሰፋች ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ገላውን ሲያክክ በዓይኔ ታየኝ።

«በሉ ወደ ጓሮ አስገቡት» አለ። «ያቺን ክፍል ቀለም አስቀብቼ ከነአልጋው አከራይቻታለሁ።»

እናቴ ከሞተች በኋላ የለቀቅኩትን የእኛን ክፍል ነው የሚለው። በሩ ላይ አንዲት አራስ ሕፃኗን አቅፋ ቆማለች። «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ወገቤ ሊያርፍልኝ ነው» አለቻት አክስቴን።

አክስቴ ፍራሹን መሬት ላይ ጣለችው። መቀሷን አውጥታ የሰፋችውን ጫፍ ተረተረችው።

«እንዳትተኚበት፣ ልጄ! ትኋን አስገብቼበታለሁ። ለእሱ ብዬ ነበር።»

አከራዩ መጀመሪያ አፉን ከፈተ። ቀጥሎ ፊቱ በራ። አጥር ላጥር እየዞረ ጎረቤቱን ጠራ።

«ሰማችሁ? በገዛ አፏ ነው! ግቢዬ ትኋን የምታስገባው እሷ ናት። እህቷንም የበላቻት እሷው ናት!»

«ቀድሞም ነበረ! ግድግዳውን ፋቁና እዩ!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም የሚያየው አክስቴን ነበር። ወስፌ የሚሏት አክስቴ ፍራሹን እየጎተተች ከግቢው ወጣች።

አራሷ ዕለቱን ጓዟን ሸክፋ ወጣች። ክፍሉ ግን በሳምንቱ ተከራይ አገኘ። አክስቴ ዘንድ ፍራሽ የሚያሰፋ ጠፋ። ዛሬ ሰፈራችን መጥታችሁ እናቴን ማን ገደላት ብትሉ፣ የሚያሳዩዋችሁ የአክስቴን ቤት ነው።