ያላጠብኩት ሸሚዝ

ልጄ ወርቅ ሊቆፍር ኩርሙክ ከሄደ ወራት አልፈዋል። በቀደም ጫካ እንደገባ አልተመለሰም ብለው ደወሉልኝ፤ ያልታጠበ ልብሱንም ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። ሸሚዙን ይዤ ከአሶሳ ተነስቼ ኩርሙክ ደረስኩ።

የፖሊሱ አነፍናፊ ውሻ ሸሚዙን አሽትቶ ዞር ዞር አለና፣ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። የፈለገውን ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉኝ። "ሂድ የኔ ጌታ፣ እሱን ፈልግልኝ" ብዬ ብለምነው ንቅንቅ አላለም። ከቆፋሪዎቹ አንዱ "እማማን ጠረጠራቸው" ብሎ ሰውን አሳቀ።

ፖሊሱ ግን አልሳቀም።

"እናቴ፣ አጥበውታል እንዴ?"

"በማርያም፣ ጠረኑ እንዳይጠፋ ብዬ ሰው እንኳ አላስነካሁም።"

"ታዲያ የት ነበር?"

"ጉያዬ ውስጥ። ማታ ማታ አቅፌው ነው የምተኛው።"

የውሻውን ራስ አሻሸ።

"ውሻውስ አልተሳሳተም፣ እናቴ። ሸሚዙ ላይ የቀረው የእርስዎ ጠረን ነው።"