ግራዋውን ለመቁረጥ የታዘዘው ጠላ

አያት ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ቤት ስከራይ ደላላው «መስኮቱ ወደ ግሪን ኤሪያ ነው የሚከፈተው» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ያልነገረኝ ግሪን ኤሪያው ራሱ መስኮቴን ገፍቶ መኝታ ቤት ለመግባት ምንም እንዳልቀረው ነው። ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ መጀመሪያ ፊቴ ላይ የሚመጣው የግራዋ ቅጠል ነው፤ ከኋላው ጌሾው፣ ከጌሾው ጀርባ ደግሞ እሾኹን ያሾለ ቀጋ። ሰማዩን ለማየት አንገቴን ማጣመም አለብኝ። ግን አልተማረርኩም። ቦሌ ያለው ቢሮዬ ውስጥ የማያቸው አበቦች ፕላስቲክ ናቸው፤ አቧራ ሲይዛቸው በጨርቅ ይወለወላሉ።

ይህን ቁጥቋጦ ለማሳመር ብሎ የተከለው ሰው የለም። ብሎኮቹ ከመሠራታቸው በፊት ቦታው የስንዴና የምስር ማሳ ነበር፤ ቁጥቋጦው የሁለት ጎረቤት ገበሬዎች ድንበር ነው። ድንበሩ ላይ ከማሳው የተለቀመ ድንጋይ ተከምሮበት ስለነበር ግሬደሩ ዞሮት አለፈ አሉ። ከሁለቱ ገበሬዎች የአንደኛው ባለቤት ዛሬም አሉ፤ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ እሳቸው ከኔ ጎን ባለችው ስቱዲዮ ይኖራሉ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ይላቸዋል።

እማማ ሰፈሩን በብሎክ ቁጥር አያውቁትም፤ የሚያውቁት በሰብል ነው። «ምስሩ ላይ ያለችው ልጅ ወለደች» ካሉ ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ናት። ሱቁ «ስንዴው ጫፍ» ነው። የኔን ቤት ሲጠሩት «አውድማው» ይላሉ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በሬ የዞረበት ቦታ ላይ እንደምተኛ ማሰቡን በኋላ ወደድኩት።

መተዳደሪያቸው ጠላ ነው። የእድሩ፣ የማኅበሩ፣ የምርቃቱ ጠላ ከሳቸው ጋን ነው የሚቀዳው። የጋራ ማብሰያ ቤታችንን ግማሹን ይዘውታል፤ «በፕላስቲክ በርሜል ለምን አይጠምቁም?» ያላቸው ሰው ተሰድቦ ነው የተመለሰው። ጋኑን በእርጥብ የግራዋ ቅጠል ፈትገው ፈትገው ያጥቡታል፤ ከዚያ ድንበሩ ጫፍ ላይ ካለችው ወይራ ቆርጠው ያጥኑታል። ጌሾውም ከዚያው ነው። ሌላውን ለነዋሪው ትተውለታል፦ ጉንፋን የገባ ሰሞን ኢንጂነሩም፣ ነርሷም፣ ፓይለት ነኝ ባዩም ዳማከሴ ለመቅጠፍ መስኮቴ ሥር ይሰለፋሉ። እኔም ፒጃማ ለብሼ «ደህና አደራችሁ» እላለሁ።

ታዲያ የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር መኪና ገዛ።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ያቺን መኪና ግን ከመውደዱ የተነሳ ዝናብ ሲጥል ከበረንዳ ላይ ሆኖ ጃንጥላ ሊዘረጋላት ምንም አልቀረውም። ስብሰባ ጠራ። ጫካው የጅብ መደበቂያ እንደሆነ፣ ፓርኪንግ እንደሚያስፈልገን፣ ዘመናዊ ሰፈር ቀጋ እንደሌለው አስረዳን። ጅቡን ያየ ሰው አልነበረም። መኪና ያለውም፣ ሊገዛ ያሰበውም፣ በሕልሙ የነዳም እጁን አወጣ። እኔ ተቃወምኩ። ለእማማ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ዋናው ምክንያቴ ግን ጭስ ማውጫ ትራሴ አጠገብ እንዳይቆም ነው።

«እማማ፣ ግራዋ እኮ ገበያ ሞልቷል» አለ ሊቀመንበሩ በትሕትና።

«ጌሾው ይገዛል፣ ልጄ» አሉ። «ግራዋ እርጥቡ ነው የሚያጥበው። ከገበያ እስኪመጣ ጠውልጎ ያልቃል። እሱን ካጠፋችሁት እኔ በምን ልደር?»

«መፍትሔ እንፈልጋለን» ተባለ። ስብሰባ ላይ መፍትሔ እንፈልጋለን ከተባለ ነገሩ አልቆለታል ማለት ነው። የዘመቻው ቀን ተቆረጠ።

ቀጥሎ የመጣውን ከኛ ሰፈር ሰው በቀር ማንም አይሠራውም። የሰፈራችን ሰው ለዘመቻ በነጻ አይወጣም፤ ጠላ ካለ ግን ነጠላውንም አስቀምጦ ይወጣል። ስለዚህ ኮሚቴው ጠላ ይታዘዝ ብሎ ወሰነ። ጠላ ደግሞ ከማን ይታዘዛል? ተያየን። ማንም አልሳቀም። ጎረቤት ስለሆንኩ እኔ ሄጄ እንድነግራቸው ተደረገ።

በራቸው ላይ ቆሜ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «እማማ፣ ለዚያ ለ… ለቅዳሜው ሥራ… ሰዎቹ የሚጠጡት…» እያልኩ ስንተባተብ ታገሡኝና «ስንት ሰው ነው?» ብቻ አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«እሺ። አንቺ ምን አንገት ያስደፋሻል? ግቢና ቆሎ ብዪ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ስገባ ስወጣ ዓይኔ መስኮቱ ላይ ነበር። ጠላ ሲታዘዝ እማማ ማለዳ መጥተው ግራዋውን ሲሸመጥጡ እሰማቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ ስሙ «ኤቢቻ» እያሉ ያናግሩታል፣ አንዳንዴም ይቆጡታል። ይህን ሰሞን ግን ድምፃቸው አልተሰማም። ተናደዱ፣ ሊያሳፍሩን ነው፣ ጨርሶ አይጠምቁም ብዬ አሰብኩ። በዕለቱ ጠዋት ግን ጠላው በጀሪካን ተሞልቶ ቀረበ፤ እማማም አዲስ ሻሻቸውን አስረው መጡ።

ሊቀመንበሩ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ አጭር ንግግር አደረገና ታላቁን ስሕተት ሠራ። ጠላ ከሥራ በኋላ መሆኑን እያወቀ «ለሞራል አንድ አንድ እንቅመስ» አለ። እማማ ራሳቸው እየዞሩ ቀዱ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሱ ሰጡት።

ጎነጨ። ፊቱ ተለወጠ። ዋጠው፤ አስተዳደጉ ጥሩ ነበር ማለት ነው። ከሱ ቀጥሎ የነበረው ግን ግራዋው ሥር ተፋው። «ሳሙና! ሳሙና ይላል!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሳ። አንዱ አፉን በውኃ ሲጉመጠመጥ አረፋ አየሁ ብሎ ማለ፤ እሱን እንኳ አላምነውም።

«እማማ፣ ጠላው ምን ሆኖ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጋኑን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብኩት።»

«ለምን? ግራዋው እኮ ገና አልተቆረጠም!»

«ከዛሬ በኋላ የምትጠጡት ይሄንን ነው። አስቀድማችሁ ልመዱት ብዬ ነው፣ ኢጆሌ።»

በኦሮምኛ ልጆች ማለት ነው። ድምፃቸው አልከፋም፣ አልጮኹም። ጀሪካኑን ከድነው ግራዋው አጠገብ ቆሙ።

መጀመሪያ የተናገረው ባለሱቃችን ነው፤ የወሎ ሰው ነው፣ ከመስጊድ የማይቀር። «እኔ ጠላ አልቀምስም፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። «ግን ልጆቼን ጉንፋን ሲይዛቸው ዳማከሴውን ከፓርኪንጉ ነው የምቀጥፈው?» አለና ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ነርሷ ተከተለች። ቀጥሎ ማን እንደነበር አላውቅም፤ ሁሉም ዶማውን ለማስደገፍ ሲጋፋ ግድግዳው ጠበበ። ሊቀመንበሩ መኪናዋን አየ፣ ግራዋውን አየ፣ ብርጭቆውን አየ። በመጨረሻ «አጀንዳው ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ» አለ። መኪናዋ ዛሬም ወይራዋ ሥር ነው የምትቆመው። ወፎቹ ምን እንደሚያደርጉባት ከመስኮቴ በየቀኑ አያለሁ፤ ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው።

ሰው ከመበተኑ በፊት እማማ ወደ ማብሰያ ቤቱ ጠሩኝ። ጥግ ላይ አፉ የታሰረ ሌላ ትንሽ ጋን ነበር። ሲከፍቱት የወይራው ጢስና ግራዋው ሸተተኝ። ሌሊት፣ እኔ ሳልሰማ ቀጥፈውት ኖሯል።

«ያዢ፣ አውጪላቸው» አሉ።

ቀመስኩት። እንዲህ ያለ ጠላ ጠምቀው አያውቁም። ሰዎቹ ዶማቸውን እንደሚጥሉ አስቀድመው እንዴት አወቁ ብዬ ተደነቅኩና ጠየቅኳቸው።

«ምኑን አውቄ?» አሉ ጋኑን ወደኔ እያዘነበሉ። «ይቆርጡታል ብዬ ነው እንጂ። ለለቅሶው ነበር የጠመቅኩት።»