ለሐኪሙ የቆመው ዋስ

ሕመሙ የጀመረኝ በዓቢይ ጾም፣ ቅዳሴ ላይ ነው። እምብርቴ ዙሪያ ቁርጠት ያዘኝ። ቄስ ነኝ፤ በጾም ሆዴ ሲጮህ መስማት የለመድኩት ነው። ቅዳሴ የገባ ቄስ ደግሞ ሳይፈጽም አይወጣም። ስለዚህ ቁርጠቱን ፈተና ነው ብዬ ቀደስኩ፤ እንዲያውም በትዕግሥቴ ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም። በማግስቱ ሕመሙ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታችኛው ሆዴ ወረደ። አስመለሰኝ። መቆም አቃተኝ።

የደብራችን ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው፣ የጓሳን ተራራ ብርድ አቋርጠው፣ በአካባቢው ወዳለው ብቸኛ ሆስፒታል አደረሱኝ። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ የእኛ መንገድ ገና ጠጠር በቅጡ አላየም። ሐኪሙ ወጣት ነው። ሆዴን ተጭኖ ድንገት ሲለቀው ጮህኩ።

«አፔንዲሳይተስ ነው፣ አባ። ትርፍ አንጀትዎ ዛሬውኑ መውጣት አለበት» አለኝና ፊቱን መለሰ። «እዚህ ግን አንችልም። ደብረ ብርሃን ይሂዱ።»

ነገሩ ገባን። የደብራችን ገበሬ የአቶ በየነ ልጅ በዚሁ ሐኪም እጅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሞታ ነበር። አባትየው ከሰሱ። ክሱ እስኪቋጭ ሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምና አቁሞ ሰዉን ሁሉ በሪፈር ወደ ሌላ ሆስፒታል ይሸኛል።

በእኛ አገር ጠብ ለፈራ ሰው ዋስ ይጠራለታል። ሽማግሌዎቹ አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ «ቄሳችን ቢሞቱ ማንም እንዳይከስህ እኛ ዋስ ነን» አሉት። ከተሸካሚዎቼ አንዱ ራሳቸው አቶ በየነ ነበሩ። ወደ ፊት መጡ።

«እኔም ዋስ ነኝ» አሉ። «ልጄ ስለሞተች አይደለም የከሰስኩህ። ሞትማ የእግዜር ነው። እንዴት እንደሞተች ብጠይቅህ ዝም ስላልከኝ ነው። አሁንም ንገረኝና ክሴን ላንሳ።»

ሐኪሙ ግንባሩን ያዘ። «አባባ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት እስካለ እንዳልናገር ታዝዣለሁ። ዋሳችሁንም ሕግ አይቀበለውም። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ተቆልፏል፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም።»

ተናደድኩ። በማን ላይ እንደምናደድ ግን አጣሁ። የሚያድነኝ እጅ አጠገቤ ነበር። ሐኪሙም ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን እየሞትኩ ነበር።

የእህል ጭነት መኪና ላይ አስተኙኝ። መንገድ ላይ ሕመሙ ድንገት ቀለለኝ። ዳንኩ አልኩ። ለካ ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ነበር።

ደብረ ብርሃን ሆዴን ከፍተው፣ መግሉን አጥበው፣ ቱቦ ተክለውልኝ፣ ፔሪቶናይተስ የሚሉት የሆድ ዕቃ መመረዝ እስኪበርድ ከአልጋ ሳልነሳ ከርሜ፣ ፋሲካን እዚያው በጉሉኮስ ፈስኬ፣ ክረምቱ ሲገባ በመቋሚያ እየተደገፍኩ ደብሬ ተመለስኩ። ወጣቱ ሐኪም ሥራውን ለቅቆ ሄዷል። ክሱም ሳይፈረድ ተዘጋ አሉ።

ሕመማችሁን በጾም የምታመካኙ ወንድሞቼ፣ ቁርጠት ከእምብርት ወደ ቀኝ ከወረደ ለነገ አትበሉ፤ ድንገት ቢቀላችሁም አትደሰቱ። የታመመ ይዛችሁ የሄዳችሁም፣ ሐኪሙን ጠይቁት። እናንተም ሐኪሞች፣ ንገሩን።

ትከሻቸው የተላጠልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። በሽታዬን በስሙ ጠርቶ የነገረኝን ያን ወጣት ሐኪምም አመሰግነዋለሁ።

አቶ በየነ ዛሬም ከቅዳሴ በኋላ ይጠብቁኛል። የቱ ጋ እንደቀደዱኝ፣ ምን እንደፈነዳ፣ ምን እንዳሉኝ ይጠይቁኛል። አንድም ሳላስቀር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። የልጃቸውን ግን እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።